የኦስዊን ማራክ አሟሟት

ሮዝሊን ኪዮ ኦስዊን ማራክን ለመግደል የወሰነችው ልጇ ከፐርዝ በደወለችላት ሳምንት ነው። ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ኦስዊን ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው፣ በስድስት መጻሕፍት ውስጥ የኖረ ደም መጣጭ ነው። ከአንባቢዎቹ መካከል ከባሎቻቸው ይልቅ ስለ እሱ ጤና የሚጨነቁ አሉ። ሮዝሊን ግን ዝናባማዋን የማዕድን ከተማ ኩዊንስታውንን ለቃ ልትሄድ ነበር፤ ይህንንም መጻሕፍቱን አብራት ለምትጽፈው ለግሌኒስ መንገር አቅቷት ነበር። ኦስዊን ከሞተ መጽሐፉ ያበቃል፤ መጽሐፉ ካበቃ ደግሞ ሁለቱን በየቅዳሜው አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር አይኖርም፤ ያን ጊዜ መሄዱ መካድ አይመስልም። ያሰበችው እንዲህ ነበር።

በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ ስሟ የተጻፈው ሴራፊን ክሬል የምትባል ሴት በዓለም ላይ የለችም። ግማሿ ሮዝሊን ነች፤ የከተማው ፖስታ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን የጨረሰች፣ ባሏን ከፈታች ብዙ ዘመን የሆናት፣ ቀጭንና ሳል የማይለቃት ሴት። ሌላው ግማሽ ግሌኒስ ፐርተን ነች፤ ሰፊ ትከሻ ያላት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር። ቤተ መንግሥቱ፣ ጉሙ፣ መቃብሩ፣ የቤተሰቡ እርግማንና ደሙ የሮዝሊን ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለው ሁሉ የግሌኒስ ነው። ሮዝሊን ኦስዊንንና ፍቅረኛውን ዴልፊንን እስከ መኝታ ቤቱ ታደርስና «በሩ ተዘጋ» ብላ ጽፋ ባዶ ገጽ ትተዋለች፤ ከዚያ በሚቀጥለው ምዕራፍ ዝናብና ጠዋት ይሆናል።

ሮዝሊን በመጀመሪያው መጽሐፍ ራሷ ሞክራው ነበር። ግሌኒስ አንብባ ስትጨርስ ብዙ አላወራችም። «ሰውዬው ሾርባ የሚያማስል ይመስላል» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ሥራው ተከፈለ።

ግሌኒስ የምትጽፈው ልጆቹን ጠዋት ካደረሰች በኋላ፣ አውቶቡሱን ጠጠር ከለበሰው የኳስ ሜዳ አጠገብ አቁማ፣ ኮምፒውተሩን መሪው ላይ አስደግፋ ነው። ከተማው ያውቃል። ማታ የግሌኒስን ገጾች አልጋ ውስጥ ያነበቡ እናቶች ጠዋት ልጆቻቸውን ለእሷ ያስረክባሉ፤ «እንደምን አደርሽ» ይላሉ፣ የልጁን ኮፍያ ያስተካክላሉ፣ ሌላ ነገር አያነሱም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በግሌኒስ ወጥ ቤት ተገናኝተው ወረቀት ይለዋወጣሉ። አንዷ የሌላዋን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ጸሐፊዋ መናገር አይፈቀድላትም። አንባቢዋ መሳቅ በማይገባት ቦታ ከሳቀች ያ ቦታ ይወጣል። አንባቢዋ ማንበቧን ሳታስበው አቋርጣ ተነስታ ማንቆርቆሪያውን ከጣደች ግን አንድ ቃል አይነካም። ሮዝሊን የግሌኒስን የአልጋ ገጾች የምታነበው ፖስታ ቤት የዕቃ ባለቤቶችን ስም ስትጠራ በኖረችበት ድምፅ ነው። ግሌኒስ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም ትላለች።

«በአንቺ ድምፅ የሞቀ ነገር በማንም ድምፅ ይሞቃል።»

የግሌኒስ ባል ዴስ፣ ከማዕድኑ ጡረታ የወጣ ሰው፣ በእነዚህ ቅዳሜዎች ጎረቤት ክፍል ሆኖ ኳስ ያያል፤ ጆሮው እንደማይሰማም ያስመስላል።

የሮዝሊን ልጅ ከርስተን ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ወደ ሥራ ልትመለስ ነበር። ከቤቱ ጓሮ የራሱ በር ያለው ክፍል አለ አለች። ሎሚ ዛፍ አለ አለች። እዚያ ክረምት ማለት ሹራብ የሚለበስበት ጊዜ እንጂ የሚሳልበት ጊዜ አይደለም አለች። ሮዝሊን ከርስተን ሳትጨርስ «እሺ» አለቻት። ስልኩን ስታስቀምጥ ደስ መሰኘቷ አስደነገጣት። «ልጄ ፈለገችኝ» ብሎ ለግሌኒስ መንገር ይቻል ነበር፤ ማንም ሰው ይረዳዋል። «ደስ ብሎኛል» ብሎ መንገር ግን አይቻልም ነበር፤ ሁለቱን ለያይታ መናገርም አልቻለችም።

ስለዚህ የኦስዊንን ሞት ጻፈች። ሮዝሊን የምትጽፈው ካየችው ነው። ኦስዊን የሚኖርበትን የእንግሊዝ ጠረፍ አይታው አታውቅም፤ ቤተ መንግሥቱን የሠራችው ኮረብታው ላይ ካለው ከድሮው የማዕድን አለቃ ቤት ነው፤ ደረጃው የፖስታ ቤቱ ደረጃ ነው፤ ጉሙም ከኦወን ተራራ ወርዶ በየጠዋቱ መስኮቷን የሚሸፍነው ጉም ነው። በዚያ ሳምንትም ዙሪያዋን እያየች ጻፈች፤ ጽሑፉ ሳይደክማት ወጣ።

ቅዳሜ ግሌኒስ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ማንበብ ጀመረች።

«በዚያ ሳምንት ኦስዊን ማራክ አዳኝ ውሾቹን ለበር ጠባቂው ሰጠ። በትልቁ አዳራሽ ያሉትን መጋረጃዎች አውርዶ አጠባቸው፤ አደረቃቸው፤ አጣጥፎም በሣጥን አኖራቸው። የምድጃውን አመድ ዝቆ አወጣ። የእናቱን ሳህኖች አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለለ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዴልፊን ከላይኛው ፎቅ ተኝታ ነበር፤ እንድትነቃ አልፈለገም። ከዚያም በምሥራቅ በኩል ያለውን፣ አያቱ በምስማር ያስመቱትን በር ነቅሎ ከፈተ። ፀሐይዋ ከባሕሩ ልትወጣ ነበር። ወደ ውጭ ተራመደ። መጀመሪያ የተሰማው ሙቀት እንጂ ሕመም አልነበረም፤ እንዲህ መሆኑን ለምን ማንም አልነገረኝም ብሎ አሰበ።»

ግሌኒስ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ እስከ አመዱ፣ እስከ ዴልፊን መንቃት። አልሳቀችም፤ ከወንበሯም አልተነሳችም። ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩታ ጠርዙን አስተካከለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች።

«ማን?»

«አንቺ።»

«እኔ የጻፍኩት ስለ ኦስዊን ነው።»

«ሮዝ፣ ይህ ሰውዬ በስድስት መጽሐፍ አንድ ሳህን አጥቦ አያውቅም። ደም የነካውን ሸሚዝ እንኳ መሬት ላይ ነው የሚጥለው፤ ማን እንደሚያነሳው እስከ ዛሬ አልጻፍሽም። ዛሬ ምን ነክቶት ነው መጋረጃ የሚያጥበው? ሊሞት የተነሳ ሰው መጋረጃ አያጥብም። የሚያጥበው ቤቱን የሚያስረክብ ሰው ነው።»

«ጥንቁቅ ሰው እንዲመስል ብዬ ነው።»

«ዶሮዎችሽን ለነፔደርሰን ሰጠሽ። እንቁላል መጣል አቁመዋል አልሽኝ።»

«አቁመዋል።»

«ትናንት የፔደርሰን ሚስት ከዶሮዎችሽ እንቁላል ሰጥታኛለች። ማቀዝቀዣው ውስጥ አለ፤ ላሳይሽ?»

ከጎረቤት ክፍል የኳሱ ድምፅ ቀነስ አለ።

«ሞተ እንዴ?» አለ ዴስ።

«አንተ ኳስህን እይ።»

«ስድስት ዓመት ቤቴ የተቀመጠ ሰው ነው። መጠየቅም አይቻልም?»

«አልሞተም። ቤት ሊቀይር ነው» አለች ግሌኒስ፤ ዓይኗን ከሮዝሊን ላይ ሳታነሳ።

«ፐርዝ ነው» አለች ሮዝሊን። «ከርስተን ጋ። የወሩ መጨረሻ ላይ።»

«ፐርዝ።»

«ደረቴን ታውቂዋለሽ። ባለፈው ክረምት አይተሽኛል። ልጆቹም ትንንሽ ናቸው፣ ከርስተን ሥራ ልትመለስ ነው፣ እኔም…»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ፔደርሰኖች?»

ሮዝሊን የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። «ለዶሮዎቹ ስል መንገር ነበረብኝ።»

«ቤቱን የሚሸጥልሽ ሰውዬ።»

«እሱ ሥራው ነው።»

«ዶሮዎቹስ ያውቃሉ?»

«ግሌን።»

«አይ፣ መጠየቄ ነው። ከተማው ውስጥ ከእኔ በኋላ ማን እንደቀረ ለማወቅ ነው።» ግሌኒስ መነጽሯን አወለቀች። «ስንት ዓመት ነው ይሄን ሰውዬ አብረን የያዝነው? ልትሄጂ ነው፤ እሺ። ሰው ይሄዳል። ግን አፍሽን ከፍተሽ ከምትነግሪኝ እሱን መግደል ቀለለሽ? የፐርዝን ፀሐይ ለራስሽ ወስደሽ እሱን ታቃጥይበታለሽ?»

«መጽሐፉ ካለቀ ሁሉም ነገር አብሮ የሚያልቅ መስሎኝ ነው። አንቺም ብቻሽን እንዳትቀሪበት።»

«የፍቅር መጽሐፍ ነው የምንጽፈው። ሴቶቹ መሀል ላይ የፈለግነውን ያህል እንድናስለቅሳቸው የሚፈቅዱልን መጨረሻው ላይ ሁለቱ አብረው እንደሚሆኑ ስለሚያውቁ ነው። ይህን አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። አሁን እንግዲህ አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታገላብጥ አድራ፣ ቤቷ ገብታ እግሯን አንስታ ይህን ትከፍታለች፤ ምን ታገኛለች? የተጠቀለለ ሳህንና አመድ።»

እውነት ነበር፤ ሮዝሊን የምታውቀውም ነገር ነበር፤ ያን ሳምንት ግን አላሰበችውም።

ግሌኒስ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋችው። «መጨረሻውን እንደገና ትጽፊዋለሽ። በሕይወት ይቆያል። ከበሩ በኋላ ያለውንም አንቺ ነሽ የምትጽፊው።»

«እንደማልችል ታውቂያለሽ።»

«እኔ ደግሞ ጉሙን እጽፋለሁ።»

«ለምን?»

«አንቺ ስትሄጂ ማን ሊጽፈው ነው? ወይስ ከፐርዝ በፖስታ ጉም ትልኪልኛለሽ?»

ሮዝሊን ያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ጽሕፈት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች፤ ዙሪያዋን በካርቶን ተከባ። ሁለቱን ሰዎች መኝታ ቤቱ አስገባቻቸው። በሩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ ስለምታውቅ ሳይሆን ምን እንደሚመስል ስለማታውቅ ቆመች። ኦስዊንን ሻማ እንዲያጠፋ አደረገችው፤ ከዚያ መልሶ አበራው። የዴልፊንን ፀጉር እንዲፈታ አደረገችው። ቁልፎቹን እየቆጠረች ቀሚሷን አስፈታችው፤ የፖስታ ከረጢት የሚከፍት መሰላት። ግሌኒስ ይህን ሁሉ ዓመት ዝናብ ጣራውን እየደበደበው፣ ልጆቹ የጣሉት የብስኩት ፍርፋሪ መቀመጫው ላይ ተበትኖ እንዴት እንደጻፈችው አሰበች፤ ያን ሥራ እንደ ቀላል ስታየው እንደኖረችም አሰበች። ጉሙ የእሷ ስለሆነ መጽሐፉም የእሷ ይመስላት ነበር።

ሐሙስ ላይ ሰዎቹን ማንቀሳቀስ ተወች። እንዲተኙ ፈቀደችላቸውና ኦስዊን እንዲያወራ አደረገችው። ሊሄድ እንዳሰበ ለዴልፊን ነገራት። ያሰበው ዛሬ እንዳልሆነ፣ ያልነገራትም እሷ እንዳታዝን ብሎ ብቻ እንዳልሆነ ነገራት። ሮዝሊን እስከ ምሳ ድረስ ሳትነሳ ጻፈች፤ ምሳውንም ረሳችው።

ቅዳሜ መጀመሪያ ያነበበችው እሷ ነበረች። የግሌኒስ ጉም ገጽ እንኳ አልሞላም። በሮዝሊን መጻሕፍት ጉሙ ሁልጊዜ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፣ እንደ እባብ ይሳባል። ግሌኒስ ግን ጉሙን ከውስጥ ነበር ያየችው፦ የቤተ መንግሥቱ መስኮቶች በትንፋሽ ደብዝዘዋል፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ልጆች በጣታቸው የጻፏቸው ስሞች ብርዱ በመጣ ቁጥር መስታወቱ ላይ ተመልሰው ይታያሉ፤ ኦስዊንም በየክረምቱ በዚያ ያልፍና የእሱን ስም ያጣዋል፤ እሱ ሲተነፍስ መስታወቱ አይደበዝዝምና ስሙን ጽፎበት አያውቅም።

ሮዝሊን እዚያ ስትደርስ ሳታስበው ተነስታ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ነበር። ውሃውን መቼ እንደሞላች አላወቀችም። ጀርባዋን ለግሌኒስ ሰጥታ ቆመች። መጽሐፉ ያለ እሷ መቀጠል ይችላል። መሄዷን የሚያቀል ነገር ነው፤ ሲደርስ ግን እንደ ምሥራች አልነበረም።

«አልጨረስሽውም» አለች ግሌኒስ።

«አያስፈልግም። አንድ ቃል አይነካም።»

ሻዩን ቀዱ፤ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ ተቆረሰ። ግሌኒስ የሮዝሊንን ገጾች አነሳች። ሻማው ጠፍቶ ሲበራ ሳቋን ይዛ ቆየች። ቁልፎቹ ጋ ስትደርስ አልቻለችም።

«ቆይ ቆይ» አለች እየሳቀች፣ «አንዱ እጁ አንገቷ ላይ ነው። አንዱ ወገቧ ላይ ነው። ታዲያ ሻማውን የያዘው ማን ነው?»

ሮዝሊን መናገር አይፈቀድላትም፤ ወረቀቱን ለማየት ግን ተንጠራራች።

«ዴስ» ብላ ተጣራች ግሌኒስ። «ና እስቲ አንዴ፤ እጅህን እንፈልገዋለን።»

የአልጋ ገጾቹ ይሆኑ እንደሆነ ለመሞከር ከዚህ በፊትም የተጠራው ዴስ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። «የዛሬውስ ወገቤን አይጠይቅም?»

«ሦስት እጅ ነው የሚጠይቀው።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ በሁለቱም አልተመሰገንኩባቸውም።» ኬክ ቆርሶ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ መብላት ጀመረ።

ግሌኒስ ዓይኗን ጠርጋ ቀጠለች። ሁለቱ ሰዎች ተኙ። ኦስዊን ማውራት ጀመረ። የግሌኒስ ድምፅ ሁለት ሦስት መስመር እንደ ቀድሞው ሄደ፤ ከዚያ እየዘገየ መጣ።

«‹ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አውቄዋለሁ› አለ ኦስዊን። ‹ልነግርሽ እየተነሳሁ ስቀመጥ ከረምኩ። የምፈራው ማልቀስሽን አልነበረም። የምፈራው፣ እየነገርኩሽ ፊቴን አይተሽ…›»

አቆመች። የቀረውን በዓይኗ አነበበችው። ከዚያ ከጠረጴዛው መሳቢያ እርሳስ አወጣችና ከኦስዊን የመጀመሪያ ቃል እስከ ገጹ ግርጌ፣ ቀጣዩንም ገጽ ጭምር፣ ሰያፍ መስመር ጎተተችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሮዝሊን።

«ጸሐፊ አትናገርም።»

«ሳምንቱን ሙሉ የጻፍኩት የሚረባ ነገር እሱ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አልጋ ውስጥ ሰው ይህን ያህል አያወራም። ደግሞ ይህ ለአንባቢ የተጻፈ አይደለም። ነርሷ ምን አደረገችሽ?» ግሌኒስ እርሳሱን አስቀመጠች። «ለእኔ የመጣ ከሆነ እዚህ አለሁ። ተናገሪው።»

ዴስ ኬኩን እንደያዘ ማገዶ ሊያይ ወጣ። ማገዶው ከትናንት ጀምሮ ሞልቶ ነበር።

ሮዝሊን ወረቀቱን ፈለገች፤ ግሌኒስ ክንዷን አሳርፋበት ነበር። ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ደስ ብሎኛል» አለች። ድምፅዋ የፖስታ ቤቱ ድምፅ አልነበረም። «ከርስተን እንደዘጋች ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ሳቅሁ። ደረቴ ምክንያት ነው፣ ልጆቹ ምክንያት ናቸው፤ ባይኖሩም እሄድ ነበር። ይህ ዝናብ ሰልችቶኛል። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ደስታዬ ይጠፋል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠፋም። እሱን ነው መንገር ያቃተኝ። መሄዴን አይደለም።»

ግሌኒስ ሻይዋን አየች።

«እኔ ደስ አላለኝም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«‹አይዞሽ፣ ይሁን› ብዬም አልሸኝሽም። አንዳንድ ቀን ሜዳው ዳር ቆሜ እሰድብሻለሁ።»

«ስደቢኝ።»

«ኦስዊን ግን እኔ ጋ ይቀራል። ዴልፊንም። ቤቱም። አንቺ እዚያ ሆነሽ በስልክ ልታርሚኝ አትሞክሪ፤ እንደ ማንም ሰው ገዝተሽ ታነቢያለሽ።»

ሮዝሊንን ይህኛው አመማት፤ እስከ ዛሬ ከተባለው ሁሉ በላይ አመማት። ሦስት መቶ ዓመት ያኖረችውን ሰው አሰበች። ግን መጠየቅ የምትችለው ነገር እንዳልቀረ አየች። «እሺ» አለች።

«እሺ።» ግሌኒስ ገጾቹን መልሳ ሰበሰበች። ከተሰረዘው በላይ ያለውን እንደገና አየችው፤ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለችው። «ከዚህ ውስጥ ሻማው ይወጣል። ቁልፎቹ ይወጣሉ። ፀጉሯን ሲፈታ ያለው ይቆያል፤ እሱ አይከፋም።»

«እውነት?»

«አይከፋም አልኩ እንጂ ጥሩ ነው አላልኩም። ዕቃ የሚጭነው መኪና መቼ ነው የሚመጣው?»

«የመጨረሻው ረቡዕ። ጠዋት።»

«ጠዋት ልጆች አሉብኝ።»

ሮዝሊን አየቻት። ግሌኒስ ቀና አላለችም፤ የዴልፊን ፀጉር ያለበት መስመር ላይ የሆነ ቃል እየቀየረች ነበር።

«ከሰዓት አድርጊው» አለች። «ካርቶን ተሸክመሽ ደረጃ ስትወርጂ አላይም። ደውዪላቸው።»

«ቅዳሜ እኮ ነው።»

«ሰው ያነሳል። ደውዪ።»

ሮዝሊን ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ከውጭ ዴስ የተደረደረውን ማገዶ እንደገና ሲደረድር ይሰማል። ስልኩ ትንሽ ጠራና አንድ ወጣት አነሳው፤ ሮዝሊን ስሟን ነገረችው፣ ቀኑን ነገረችው፣ ከዚያም ጠዋት የተባለው ወደ ከሰዓት ይቀየርልኝ፣ የምታግዘኝ ሰው ጠዋት ሥራ ላይ ነች አለችው።